የቀይ ባሕር መብራት ሒሳብ ግራና ድረስ ይመጣል

ግራና ገበያ ላይ ስለ ባሕር የሚያወራ ሰው አይገኝም። ወሬው ስለ ሽንኩርት፣ ስለ ጤፍና ስለ ማሽላ፣ ከቆላው ስለሚወጣው ከብትና ፍየል ነው። ሰኔና ሐምሌ ሲደርስ ደግሞ ወሬው ሁሉ ወደ አንድ ነገር ያዘነብላል፤ ማዳበሪያ። ገባ ወይስ አልገባም? ስንት ገባ? ለማን ይደርሳል? ዋጋው ከአምናው በምን ያህል ጨመረ?

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ሐብሩ ወረዳ የሄደው ይህንኑ የማዳበሪያ ዋጋ ነገር ሊያጣራ ነበር። ከደሴ ተነስቶ ውጫሌን፣ ውርጌሳንና መርሳን ይዞ ወደ ወልዲያ የሚዘልቀውን መንገድ የሚያውቅ ሰው፣ በዚያ መንገድ ላይ ጆንያ የጫነ መኪና ሲያልፍ ገበሬው ቆሞ እንደሚያይ ያውቃል። ግራና ላይ ያገኘኋቸው አንድ አዛውንት ገበሬ ግን ጥያቄዬን በጥያቄ መለሱልኝ። "ልጄ፣ ይሄ ጆንያ ከየት ነው የሚመጣው?" አሉኝ። ከጅቡቲ አልኳቸው። ከጅቡቲስ በፊት? ከባሕር ማዶ፣ በመርከብ። መርከቡስ በጨለማ መንገዱን እንዴት ያውቀዋል?

ጥያቄው የዋህ ይመስላል፤ ነገር ግን አይደለም። የኢኮኖሚክስ ትምህርት ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ሲከራከርበት የኖረ ጥያቄ ነው። እኔም በዩኒቨርሲቲ ወንበር ላይ ሳለሁ፣ ባሕር የሚባለውን በዓይኔ ከማየቴ በፊት ስለ ባሕር መብራት ማማ በፈተና ተጠይቄያለሁ። ለአዛውንቱ በቦታው የሰጠኋቸው መልስ አጭርና ጎደሎ ነበር። ሙሉውን መልስ ግን እነሆ፤ ምክንያቱም የመብራቱ ሒሳብ ዞሮ ዞሮ ግራና ድረስ ይመጣል።

ጨለማው ስንት ያስከፍል ነበር?

ቀይ ባሕር ጠባብና አስቸጋሪ ባሕር ነው። ዳርና ዳሩ ኮራል በሚባለው የባሕር ድንጋይ የታጠረ ነው። በደቡብ በኩል፣ በየመንና በኤርትራ መካከል፣ ከውኃው ድንገት ብቅ የሚሉ የእሳተ ገሞራ ደሴቶች አሉ። ከሰሜን ወደ ደቡብ ሲወርዱ መጀመሪያ ጀበል አጥ-ጠይር ብቻዋን ቆማ ትገኛለች። ቀጥሎ የዙበይር ደሴቶች፣ ከዚያ አቡ ዓሊ፣ ዙቀርና ሐኒሽ ይመጣሉ። በመጨረሻ ባብ ኤል መንደብ ላይ ፔሪም መንገዱን ለሁለት ከፍላው ትቀመጣለች። ከስዊዝ ተነስቶ ወደ ጅቡቲ፣ ቀድሞም ወደ አሰብ የሚመጣ መርከብ በእነዚህ ደሴቶች አጠገብ ማለፉ ግድ ነው።

ስዊዝ ካናል እ.ኤ.አ. ኅዳር 17 ቀን 1869 ተከፈተ። ሩባቲኖ ለተባለው የጣልያን የመርከብ ኩባንያ በጁሴፔ ሳፔቶ አማካይነት አሰብ ላይ መሬት የተገዛው ካናሉ ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው ነበር። ነጋዴ ገበያ ከመቆሙ በፊት ቦታ ይይዛል እንደሚባለው ነው። ከዚያው ወር ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ በመስከረም 1869፣ "ካርናቲክ" የተባለች የእንግሊዝ መርከብ ከስዊዝ ተነስታ በሌሊት ስትጓዝ በሰሜን ቀይ ባሕር አቡ ኑሓስ ከሚባለው የድንጋይ አለት ጋር ተጋጭታ ሰጠመች። 31 ሰው አለቀ። መርከቧ 40 ሺህ ፓውንድ የሚያወጣ ወርቅም ጭና ነበር።

የካርናቲክ አደጋ ለነጋዴው ዓለም አንድ ነገር አስተማረ። በጨለማ የሚጓዝ መርከብ ሁለት ምርጫ ብቻ አለው። ወይ ሌሊት ቆሞ ጎህ እስኪቀድ ይጠብቃል፣ ወይ እንደ ቁማርተኛ ይሄዳል። ቢቆም ቀን ይባክናል፤ የባከነ ቀን የድንጋይ ከሰልና የደመወዝ ወጪ ነው። ቢሄድ ደግሞ አደጋውን ዋስትና ሰጪው ይተምነዋል፤ ትመናውም በጭነቱ ዋጋ ላይ ይደመራል። በሁለቱም መንገድ ጨለማው ይከፈልበታል። ከፋዩም መጨረሻ ላይ ሸማቹ ነው።

ሱልጣኑና ሁለቱ ፈረንሳውያን

ፔሪም ላይ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1861 የመብራት ማማ አቁመው ነበር። ከዚያ ወደ ሰሜን ያለው የደሴቶቹ መስመር ግን ለብዙ ዓመታት ጨለማ ሆኖ ቆየ። ባሕሩን የሚያስተዳድረው በስሙ የኦቶማን ቱርክ መንግሥት ነበር። ቱርክ ደግሞ በግዛቷ ሁሉ ያሉትን የባሕር መብራቶች ሥራ ለሁለት ፈረንሳውያን በኮንትራት ሰጥታ ነበር፤ ለማሪዩስ ሚሼልና ለካሚል ኮላስ። ሁለቱ ከ1860 ጀምሮ የያዙት ኩባንያ ማማ ይሠራል፣ መብራት ያበራል፣ በወደቦቹ ከሚገቡ መርከቦችም በቶን ልክ ገንዘብ ይሰበስባል፤ ገቢውን ከሱልጣኑ መንግሥት ጋር ይካፈላል። በዛሬ ቋንቋ የመንግሥትና የግል ሽርክና ብንለው ያስኬዳል።

የሜድትራንያን መብራት አትራፊ ነበር። መርከቦቹ ኢስታንቡልና ኢዝሚር ወደቦች ስለሚገቡ ገንዘቡ እዚያው ይሰበሰባል። የደቡብ ቀይ ባሕር ነገር ግን ሌላ ነው። በጀበል አጥ-ጠይር አጠገብ የሚያልፈው መርከብ ወይ ለንደን ወይ ቦምቤይ የሚሄድ ነው። በቱርክ ወደብ አይቆምም። መብራቱን አይቶ፣ ተጠቅሞ፣ ያልፋል። ታዲያ ሒሳቡን ማን፣ የት ቆሞ ይቀበለው? ክርክሩ በዚህ ምክንያት ለዓመታት ተጓተተ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1903 አራት መብራቶች ተጠናቀቁ፤ በጀበል አጥ-ጠይር፣ በዙበይር፣ በአቡ ዓሊና በየመን ባሕር ዳርቻ ባለችው በሞካ።

ጊዜው ለእኛም ትርጉም ያለው ነበር። ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ነው። ሐዲዱ የኢትዮጵያን ቡናና ቆዳ ወደ ባሕር ሲያወርድ፣ በባሕሩ ላይ ደግሞ መብራት ይበራ ጀመር። አንዱ ያለ ሌላው ጎዶሎ ነው።

መብራት ጠባቂነት እንዲህ እንደ ዋዛ የሚሠራ ሥራ አልነበረም። ደሴቶቹ ደረቅ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ናቸው። የሚጠጣው ውኃ፣ ዱቄቱ፣ የመብራቱ ዘይት ሁሉ በጀልባ ይመጣል። ማዕበል ሲነሳ ጀልባው ይዘገያል። ጠባቂው ግን ሌሊቱን ሙሉ መብራቱን ማየት አለበት። ብርሃኑን ሩቅ የሚያደርሰው ፍሬኔል የተባለው ፈረንሳዊ በ1820ዎቹ የፈለሰፈው፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተደራርቦ የሚሠራ የመስተዋት ሌንስ ነው። ብርሃኑን ሰብስቦ ወደ አንድ አቅጣጫ ይወረውረዋል። እያንዳንዱ ማማ ደግሞ የራሱ አበራር አለው። አንዱ በየተወሰነ ሰከንድ አንድ ጊዜ ብልጭ ቢል፣ ሌላው ሁለት ጊዜ ይላል። መርከበኛው ብልጭታውን ቆጥሮ የቱ ደሴት አጠገብ እንዳለ ያውቃል። ገበሬ ከሩቅ የፍየሎቹን ቃጭል ድምፅ ለይቶ እንደሚያውቀው ማለት ነው።

ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል

አሁን ወደ ኢኮኖሚክሱ እንምጣ። ጆን ስቱዋርት ሚል የተባለው እንግሊዛዊ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1848 ባሳተመው መጽሐፉ የባሕር መብራትን በምሳሌነት አነሳው። ክርክሩ ቀላል ነው። መብራቱን የሠራ ሰው በባሕር ላይ የሚያልፈውን መርከብ "ካልከፈልክ አታይም" ሊለው አይችልም። አንዱ መርከብ ስላየው ደግሞ ለሌላው የሚቀርበት ብርሃን የለም። ስለዚህ ሁሉም "ሌላው ይክፈል፣ እኔ ልይ" ይላል። ሁሉም እንዲያ ካለ መብራት የሚሠራ አይኖርም። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይላል የአገራችን ሰው። ስለዚህ መንግሥት ይሥራው የሚለው የብዙዎች መደምደሚያ ሆነ። አሜሪካዊው ፖል ሳሙኤልሰንም በመማሪያ መጽሐፉ ይህንኑ ምሳሌ ለትውልድ አስተላለፈ።

ሮናልድ ኮዝ የተባለው ኢኮኖሚስት ግን እ.ኤ.አ. በ1974 ተነስቶ "የምትናገሩለትን መብራት ሄዳችሁ አይታችሁታል ወይ?" ዓይነት ጥያቄ አነሳ። መዝገብ አገላብጦ የእንግሊዝን መብራቶች ታሪክ ጻፈ። ያገኘው ነገር ብዙዎችን አስደነገጠ። በእንግሊዝ አገር ለረጅም ዘመን የግል ሰዎች የባሕር መብራት ሠርተው አትርፈውበታል። ገንዘቡን የሚሰበስቡት በባሕሩ ላይ ቆመው ሳይሆን መርከቡ ወደብ ሲገባ ነበር። እነዚህ የግል መብራቶች በ1836 በወጣ ሕግ ተገዝተው ትሪኒቲ ሐውስ ለተባለው ጥንታዊ ማኅበር እስኪዞሩ ድረስ ሥራው በዚህ መልክ ቀጠለ። ዛሬም በእንግሊዝ ወደብ የሚገባ የንግድ መርከብ የመብራት ቀረጥ ይከፍላል።

የኮዝን ጽሑፍ የተቹ ሰዎችም አሉ። ያ የግል ባለመብራት ገንዘብ መሰብሰብ የቻለው ንጉሡ በሰጠው የፈቃድ ወረቀት፣ በመንግሥት ሹማምንት እጅ ነው፤ ስለዚህ ንጹሕ የግል ንግድ አትበሉት ይላሉ። ትችቱ ትክክል ነው። ለእኛ ግን ከሁለቱም ወገን የሚወሰድ አንድ ትምህርት አለ፤ ለመብራት ገንዘብ የሚሰበሰበው በር ባለበት ቦታ ነው። ወደብ በር ነው። ግብፅ ስዊዝ ላይ በሩን ስለያዘች በካናሉ ከሚያልፈው መርከብ የመብራት ሒሳብ ትቀበላለች። በደቡብ ቀይ ባሕር ያሉት መብራቶች ግን በር በሌለው ሜዳ ላይ የቆሙ ፋኖሶች ሆኑ።

ባለቤት አልባው ፋኖስ

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ቱርክና እንግሊዝ ተጣሉ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1915 ደሴቶቹን ያዘች። ከጦርነቱ በኋላ በ1923 የሎዛን ውል ተፈረመና ቱርክ በደሴቶቹ ላይ ያላትን መብት ተወች። ነገር ግን ውሉ "ለእገሌ ይሁኑ" አላለም። እጣቸው በሚመለከታቸው ወገኖች ወደፊት ይወሰናል ተብሎ ተተወ። ኢማሙ የየመን፣ ጣልያን በኤርትራ፣ እንግሊዝ በኤደን ሆነው ሦስቱም ዓይናቸውን ጣሉ።

ባለቤት በሌለው ደሴት ላይ መብራቱን ማብራት ያለበት ማን ነው? እንግሊዝ የመርከብ ንግዷ ስለሚበዛ ወጪውን ተሸክማ ቀጠለች። ብቻዋን መሸከም ሲከብዳት በ1930 ከሌሎች መንግሥታት ጋር የወጪ መጋራት ስምምነት አዘጋጀች፤ ያ ስምምነት ግን ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። በዚህ መካከል የዙበይርና የሞካ መብራቶች ቀሩና የተረፉት አቡ ዓሊና ጀበል አጥ-ጠይር ብቻ ሆኑ።

መፍትሔው የተገኘው እ.ኤ.አ. የካቲት 20 ቀን 1962 ለንደን ላይ ነው። እንግሊዝ፣ አሜሪካና ሌሎች ብዙ መርከብ ያላቸው አገሮች የሁለቱን መብራቶች ወጪ ለመጋራት ተስማሙ። የአከፋፈሉ ደንብ በመርከቦቻቸው የቶን መጠን ልክ ነው፤ ብዙ የሚያሳልፍ ብዙ፣ ጥቂት የሚያሳልፍ ጥቂት ይከፍላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለውን ተረት በውል ወረቀት ላይ ያሰፈሩት ያህል ነው። ስምምነቱ አንድ ሌላ ብልሃትም ነበረው፤ መብራቱን ማስተዳደርና የደሴቱ ባለቤት መሆን ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በግልጽ ጻፈ። በባለቤትነት መጣላት ይቻላል፣ እስከዚያው ግን መብራቱ አይጥፋ ማለት ነው።

በዚያ ዘመን ኢትዮጵያ ራሷ የባሕር ዳርቻ ነበራት። ምፅዋና አሰብ በእጇ ነበሩ። የኢትዮጵያ የባሕር ትራንስፖርት ድርጅት በ1956 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ ከሦስት ዓመት በኋላ ሥራ ጀመረ። ለወሎ ገበያ አሰብ ሩቅ አልነበረችም። ጨውና ነዳጅ፣ ስኳርና ጨርቅ ከአሰብ ተነስቶ በሚሌና በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ይወጣ ነበር። ያ ዕቃ በባሕር ሲመጣ በአቡ ዓሊ ብርሃን ስር አልፏል። ደሴ ላይ ስኳር የገዛ ሰው ስለ አቡ ዓሊ ባይሰማም፣ ሒሳቡን ግን ከስኳሩ ጋር ከፍሏል።

መብራት አብሪው ባለቤት ሆነ

የ1962ቱ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1990 አበቃ። መርከቦች ራዳርና ሳተላይት ስለያዙ አባል አገሮቹ "ከእንግዲህ መብራቱ ያን ያህል አያስፈልገንም፣ ገንዘብም አናወጣም" ወደሚለው አዘነበሉ። በ1989 ለንደን ላይ ሲሰበሰቡ የመን "እኔ እረከበዋለሁ" አለች። ሁሉም ደስ አላቸው። የማይፈለገውን ሒሳብ የሚከፍል ሲገኝ ማን ይከለክላል?

ይህች ትንሽ የሒሳብ ርክክብ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ትልቅ ሆና ተገኘች። በታኅሣሥ 1995 አዲሲቱ ኤርትራና የመን በሐኒሽ ደሴት ተታኮሱ። ጉዳዩ በሰር ሮበርት ጄኒንግስ ሰብሳቢነት ለአምስት የግልግል ዳኞች ቀረበ። ዳኞቹ ውሳኔያቸውን የሰጡት እ.ኤ.አ. ጥቅምት 9 ቀን 1998 ነው። መሐበካ፣ ሔይኮክና የደቡብ ምዕራብ አለቶች ለኤርትራ፣ ዙቀርና ሐኒሽ ከነአቡ ዓሊ ለየመን ተሰጡ። ጀበል አጥ-ጠይርና ዙበይርም ለየመን ሆኑ።

ዳኞቹ መብራት ማብራት ብቻውን የባለቤትነት ማስረጃ እንደማይሆን ተናግረዋል። ነገር ግን ሰው በማይኖርባቸው በእነዚያ ሁለት ሩቅ ቦታዎች ጉዳይ የ1989ኙን ርክክብ ክብደት ሰጥተው ተመልክተውታል። መርከብ ያላቸው አገሮች ሁሉ የየመንን እዚያ መቀመጥ ሲቀበሉት ማንም አልተቃወመም የሚል ነው ነገሩ። ሌላው ሁሉ "አያዋጣም" ብሎ የሸሸውን ወጪ የተሸከመ፣ በመጨረሻ ደሴቱን ይዞ ተገኘ።

የኢኮኖሚክስ መጽሐፍ ይህን አይጽፍም። መጽሐፉ መብራት አብሪው ሞኝ ነው፣ ሌላው በነጻ ይጠቀምበታል ይላል። የቀይ ባሕር ታሪክ ግን ወጪውን የተሸከመ ሰው ስፍራ እንደሚይዝ፣ ስፍራ የያዘም ድምፅ እንደሚኖረው ያሳያል። በነጻ የሚጠቀም ሰው ዕዳ የለበትም፤ መብትም የለውም።

ዛሬስ?

ከግንቦት 1990 ዓ.ም. ወዲህ፣ ማለትም ከኤርትራ ጋር ጦርነት ከተነሳ ጀምሮ፣ የኢትዮጵያ ጭነት ከአሰብ ተነቅሎ ወደ ጅቡቲ ዞሯል። የኢትዮጵያ ባንዲራ የሰቀሉ የንግድ መርከቦች ዛሬም በቀይ ባሕር ያልፋሉ። መብራቱ ግን የሌላ ሰው ነው፣ ወደቡም የሌላ ሰው ነው። ስለ ባሕር በር የሚደረገው ክርክር አዲስ አበባ ላይ ይጦፋል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ እንዳይሆን ግን ሒሳቡን መመልከት ይበጃል።

የቅርቡን እንይ። ከኅዳር 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የየመን ሁቲዎች በቀይ ባሕር የሚያልፉ መርከቦችን ማጥቃት ጀመሩ። የካቲት 18 ቀን 2024 "ሩቢማር" የተባለች መርከብ ተመታች፤ መጋቢት 2 ቀን ሰጠመች። የጫነችው ከ20 ሺህ ቶን በላይ ማዳበሪያ ነበር። ጭነቱ ወደ ቡልጋርያ የሚሄድ እንጂ የእኛ አልነበረም፤ የሰጠመው ግን የእኛ ጭነት በሚመጣበት ባሕር ነው። ኢትዮጵያ ፎስፌት ያለበትን ማዳበሪያ በብዛት የምትገዛው ከሞሮኮ ነው። ከሞሮኮ ወደ ጅቡቲ አጭሩ መንገድ በስዊዝና በቀይ ባሕር ነው።

በዚያ ሰሞን በቀይ ባሕር ለሚያልፍ መርከብ የሚጠየቀው የጦርነት አደጋ ዋስትና ከመርከቡ ዋጋ ወደ 1 በመቶ ተጠግቶ ነበር። ከዚያ በፊት ከአንድ በመቶ አንድ አሥረኛ እንኳ የማይሞላ ነበር። ለምሳሌ ያህል ብቻ እናስላ። መርከቡ 50 ሚሊዮን ዶላር ያወጣል፣ 50 ሺህ ቶን ማዳበሪያ ጭኗል እንበል። 1 በመቶው 500 ሺህ ዶላር ነው። ለቶን ሲካፈል 10 ዶላር፣ ለኩንታል 1 ዶላር ይደርሳል። ለአንድ ሄክታር አንድ ኩንታል ፎስፌትና አንድ ኩንታል ዩሪያ የሚጠቀም ገበሬ 2 ዶላር ጨመረበት ማለት ነው። ይህ እያንዳንዱ መርከብ የከፈለው ሒሳብ አይደለም፤ በባሕር ላይ ያለ ስጋት በምን ቧንቧ ሄዶ ገበሬው ኪስ እንደሚደርስ ማሳያ ነው። ገበሬው ዋስትና የሚባለውን ቃል ሳይሰማ ይከፍላል። ብሩ በዶላር አንጻር ሲወርድ ደግሞ ያው 2 ዶላር በብር ሲመነዘር ያብጣል።

"ሳተላይት ባለበት ዘመን የመብራት ማማ ምን ያደርጋል?" የሚል አንባቢ ይኖራል። በግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. "ኤምኤስሲ አንቶኒያ" የተባለች ትልቅ የኮንቴይነር መርከብ ጅዳ አጠገብ መሬት ነክታ ቆመች። የባሕር ጉዞ ተከታታዮች የሳተላይት ምልክቱ ታውኮ ነበር ብለው ጠርጥረዋል። ምልክቱ ሲታወክ መርከበኛው ወደ አባቶቹ መሣሪያ ይመለሳል፤ ወደ ካርታው፣ ወደ ኮምፓሱና በአለቱ ላይ ወደሚያየው ብልጭታ። ማማው ደግሞ ዛሬ እንደ ድሮው ዘይት አይፈልግም፤ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ አምፖል ይበቃዋል። ወጪው ቀንሷል፣ ጥያቄው ግን አልተለወጠም። ጀበል አጥ-ጠይር በመስከረም 2007 እ.ኤ.አ. እሳተ ገሞራዋ ፈንድቶ እዚያ የነበሩ የየመን ወታደሮች ሲሞቱ እንደታየው፣ አሁንም እዚያ ሆኖ የሚጠብቅ ሰው ዋጋ ይከፍላል።

የቦዩ ነገር

ይህን ሁሉ ካብራራሁ በኋላ አዛውንቱ ብዙም አልተገረሙም። የባሕሩን ነገር በግራና ቦይ አስረዱኝ። የቆቦ ግራና ሸለቆ በመስኖ የታወቀ ነው። ከተራራው የሚወርደውን ወንዝ ጠልፎ ማሳ ማጠጣት የቆየ ልማድ ነው። የከርሰ ምድር ውኃም በፓምፕ እየተሳበ ለብዙ ገበሬዎች በጋራ ይታደላል። ሽንኩርቱና ቲማቲሙ ከዚያ የመጣ ነው።

ቦዩ በየዓመቱ በጎርፍ ደለል ይሞላል፤ መጠረግ አለበት። ከላይ ያለው ገበሬ ውኃው መጀመሪያ እሱ ጋር ስለሚደርስ ለመጥረግ አይቸኩልም። ከታች ያለው ካልተጠረገ አይደርሰውም፤ ብቻውን ቢጠርግ ደግሞ ከላይ ያለው በነጻ ይጠቀማል። ይህ የሚል መብራት ነው። ታዲያ ቦዩ እንዴት ይጠረጋል? የውኃ አባት አለ። ገበሬዎቹ ራሳቸው የሚመርጡት፣ ተራ የሚያወጣ፣ ያልጠረገውን ተራውን የሚያሳልፍ ሰው ነው። ተራ በሩ ነው። የኮዝ ወደብ ማለት ይኸው ነው።

አዛውንቱ ከዚህ የጨመሩት አንድ ነገር ነበር። በመጥረጉ ጊዜ ያልነበረ ሰው፣ በውኃ ክፍፍሉ ስብሰባ ላይ ቢመጣም አንገቱን ደፍቶ ነው የሚቀመጠው አሉኝ። የሎዛንንም፣ የለንደንንም፣ የግልግል ዳኞቹንም ውሳኔ ሳያነቡ ደርሰውበታል።

የኢትዮጵያ የባሕር ንግድ ጉዳይ በዚህ ዓይን ቢታይ አይከፋም። ወደብ ይኑረን አይኑረን የሚለው ትልቁ ክርክር ጊዜ ይፈጃል። እስከዚያው ድረስ ግን ዕቃችን በየቀኑ በሌላ ሰው መብራት ስር ያልፋል። ለባሕሩ ደኅንነት፣ ለምልክቱና ለመብራቱ የሚወጣው የጋራ ወጪ ላይ ድርሻን ማዋጣት ከወደብ ግዢ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የሚሰጠው ግን ስፍራ ነው፤ በስብሰባው ላይ ቀና ብሎ መቀመጫ። ሒሳቡን እንደሆነ እየከፈልነው ነው። በኩንታል ማዳበሪያ ላይ ተደምሮ፣ ስም ሳይወጣለት፣ ግራና ገበያ ላይ እንከፍለዋለን። ልዩነቱ በስማችን አለመከፈሉ ነው።

ከግራና ስመለስ መንገዱ መሽቶብኝ ነበር። ወደ ወልዲያ ስንቃረብ ከፊታችን አንድ የጭነት መኪና ቀስ እያለ ሽቅብ ይወጣል። ጭነቱ ጆንያ ነው። ሹፌራችን በቀኝ ጠቋሚው ብልጭ ሲያደርግለት "ማለፍ ትችላለህ" ማለቱ መሆኑን አውቆ አለፈ። ለዚያች ብልጭታ ማንም ሳንቲም አልከፈለም። ነገር ግን ሹፌሮቹ ሁሉ ደንቡን ስለሚያውቁትና ተራ በተራ ስለሚያበሩ ነው መንገዱ የሚሠራው። ባሕሩም ከዚህ የተለየ ሕግ የለውም።